ለካሪየር ኮቺንግ ከመክፈልዎ በፊት፦ ገንዘቡ ያዋጣ እንደሆነ ደረጃ በደረጃ የመመዘን መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ሥራ እየፈለጉ ወይም ያለዎትን ሥራ ለመቀየር እያሰቡ፣ በቴሌግራምና በሊንክዲን አገልግሎታቸውን ከሚያስተዋውቁ አሠልጣኞች ለአንዱ ልክፈል ወይስ ልተው ብለው ለሚያመነቱ ሰዎች ነው። አገልግሎቱ ካሪየር ኮቺንግ፣ የሙያ ምክር፣ አንዳንዴም ሜንተርሺፕ እየተባለ ይጠራል። በተግባር ግን ሲቪ ከማስተካከል ጀምሮ ለቃለ መጠይቅ እስከ ማለማመድና የሙያ አቅጣጫ እስከ ማስመረጥ ድረስ እርስ በርሱ የማይመሳሰል ሥራ በአንድ ስም የሚሸጥበት ነው። ስለዚህ «ኮቺንግ ያዋጣል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ጥቅል መልስ መስጠት አይቻልም። የእኔ አቋም የሚከተለው ነው፦ ፍለጋዎ የትኛው እርከን ላይ እንደሚቆም ሳያውቁ የሚከፍሉት ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ይባክናል፤ ካወቁ በኋላ ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚከፍሉት ግን ብዙ ሊያተርፍ ይችላል። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ይሥሯቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከጊዜ በቀር ወጪ የላቸውም፤ ብዙ ሰውም ከሦስተኛው ማለፍ አያስፈልገውም።

ደረጃ 1፦ ፍለጋዎ የት ላይ እንደሚቆም ይለዩ

አንድ ወረቀት ይውሰዱና ባለፉት ሦስት ወራት ያመለከቱባቸውን ቦታዎች በሙሉ ይዘርዝሩ። ለእያንዳንዱ የድርጅቱን ስም፣ የሥራ መደቡን፣ ማመልከቻው በአካል፣ በኢሜይል ወይም በጉግል ፎርም መግባቱን ይጻፉ። ከጎኑ ደግሞ የደረሱበትን የመጨረሻ እርከን ያስፍሩ፦ አልተጠራሁም፣ ለጽሑፍ ፈተና ተጠርቼ አላለፍሁም፣ ቃለ መጠይቅ ደርሼ ቀረሁ፣ ተጠባባቂ ተባልሁ፣ ደመወዙ ስላነሰ ተውሁት። ይህ ዝርዝር ብዙ ጊዜ ከሚሰማን ስሜት ጋር አይገጥምም። «ያላመለከትሁበት ቦታ የለም» የሚል ሰው ሲጽፈው ዐሥር ላይ ሊቆም ይችላል፤ «ሁልጊዜ ኢንተርቪው ላይ ነው የምጥለው» የሚለውም ለቃለ መጠይቅ የቀረበው ሁለት ጊዜ ብቻ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።

ዝርዝሩ ውስጥ «አልተጠራሁም» የሚለው ከበዛ፣ ሲቪውን ከመንካትዎ በፊት ሰነዶችዎን ይመርምሩ። በአገራችን ቅጥር ብዙ አመልካች ከምልመላው የሚወድቀው በሲቪ አጻጻፍ ሳይሆን በማስረጃ ጉድለት ነው። ከግል ድርጅት የተሰጠ የሥራ ልምድ ደብዳቤ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን ካልገለጸ ብዙ ቀጣሪዎች አይቆጥሩትም፤ የተቀጠሩበትና የለቀቁበት ቀን፣ የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ ደመወዙ፣ ፊርማና ማኅተሙ ያልተሟሉበት ደብዳቤም ዕጣው ተመሳሳይ ነው። ማስታወቂያው «ከምረቃ በኋላ የተገኘ አግባብ ያለው ልምድ» የሚል ከሆነ፣ ዲግሪዎን ከመያዝዎ በፊት የሠሩባቸው ዓመታት አይያዙልዎትም። የትምህርት መስኩ ከእርስዎ ጋር በስም የማይገጥም ሆኖ «ወይም ተዛማጅ» የሚል ቃል ከሌለበት ደግሞ መዝጋቢዋ ባሕር ማዶ በተሠራ ዲዛይን የቀረበ ሲቪ ብታይም ከምልመላው ከማስወጣት ውጭ ምርጫ የላትም። በቴክኒክና ሙያ ለተመረቀ ሰው የብቃት ማረጋገጫ፣ ማለትም ሲኦሲ፣ ተጠይቆ አለመቅረቡም እንዲሁ በር ይዘጋል። እነዚህን ጉድለቶች የትኛውም አሠልጣኝ አይጠግናቸውም፤ የሚጠገኑት ወደ ቀድሞው መሥሪያ ቤት ሄዶ ደብዳቤውን በማስተካከል ነው።

ለጽሑፍ ፈተና እየተጠሩ የማያልፉ ከሆነ የሚያስፈልግዎ ጥናት ነው። የባንክ ፈተና በቁጥር ስሌት፣ በእንግሊዝኛና በሙያው ጥያቄዎች ላይ የሚያተኩር ከሆነ፣ ስለ በራስ መተማመን የሚሰጥ የአንድ ሰዓት ውይይት ውጤቱን አይለውጠውም። ገንዘብ መክፈል ካለብዎ ለጥያቄ መለማመጃ ወይም ለትምህርቱ አስጠኚ ይክፈሉ።

ቃለ መጠይቅ ላይ ደጋግመው የሚቀሩ ሰዎች ኮቺንግ በእውነት ከሚጠቅማቸው ወገን ናቸው። ምክንያቱም ሰው የራሱን አነጋገር ከውጭ ሆኖ ማየት አይችልም፤ ቤተሰብና ጓደኛም ይሉኝታ ስለሚይዛቸው የሚሰማቸውን አይነግሩንም። በተለይ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና ዓለም አቀፍ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት፣ ካለፈ ሥራ ተጨባጭ ምሳሌ የሚጠይቅ የቃለ መጠይቅ ዘዴ የራሱ ሥርዓት ስላለው፣ ብቃት ያለው ሰውም ካልተለማመደ በቀላሉ ይወድቅበታል።

ቅጥሩ ተሳክቶ ደመወዙ ብቻ አንሶብኛል የሚሉ ከሆነ፣ ቀጣሪዎ ማን እንደሆነ ይመልከቱ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደመወዝ የሚወሰነው በሥራው ደረጃና በእርከኑ ነው፤ በብዙ ባንኮችም ለአዲስ ተቀጣሪ የተቆረጠ ስኬል አለ። እዚያ «የድርድር ስልት» መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። በግል ኩባንያዎች፣ በቴክኖሎጂ ድርጅቶችና ስኬሉ ውስጥ የተለያየ እርከን ሊሰጡ በሚችሉ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ግን ድርድር ቦታ አለው።

«ምን መሥራት እንደምፈልግ አላውቅም» የሚለው የመጨረሻው ጉዳይ በጣም የሚከብደውና በጣም ውዱ ፓኬጅ የሚሸጥበት ነው። እዚህ ላይ ጥሩ አሠልጣኝ ሊረዳ ይችላል፤ ሆኖም ሊሞክሩት ያሰቡትን ሥራ የሚሠሩ ሦስት ሰዎችን በየሥራ ቦታቸው ሄዶ ማነጋገር ከብዙ የስብዕና መመዘኛ ፎርም የበለጠ መረጃ ይሰጣል።

ስለ ዝምድናም ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ሰው የተያዘላቸው ቦታዎች መኖራቸውን ሁሉም ያውቃል፤ ለእነሱ ኮቺንግ ምንም አይፈይድም። ነገር ግን እርስ በርስ በማይተዋወቁ አምስት ድርጅቶች ውስጥ አንድ ዓይነት እርከን ላይ ከቆሙ፣ ሁሉም ቦታ «በሰው ነው» ብሎ ማለፍ ምክንያቱን ከመፈለግ መሸሽ ይሆናል።

ደረጃ 2፦ ነጻውን አገልግሎት መጀመሪያ አሟጥጠው ይጠቀሙ

ተማሪ ወይም አዲስ ተመራቂ ከሆኑ ከተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ይጀምሩ፤ ብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሲቪ አዘገጃጀትና የቃለ መጠይቅ ሥልጠና የሚሰጡበት የካሪየር ማዕከል አላቸው። «ደረጃ» የተባለው የተመራቂዎች መድረክም ለሥራ ዓለም የሚያዘጋጅ ሥልጠና ከተመራቂው ክፍያ ሳይጠይቅ ይሰጣል። በወረዳ ደረጃ የሥራ ፈላጊዎች ምዝገባ አለ፤ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም በኢንተርኔት የሚሠራ የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት አለው። ማስታወቂያዎቹን በተመለከተ ኢትዮጆብስን፣ የሪፖርተርንና የአዲስ ዘመንን ዓምዶች በየሳምንቱ ራስዎ መከታተል ስለሚችሉ፣ «ማስታወቂያ እልክልዎታለሁ» ብቻ ለሚል ቻናል የሚከፈል ወርኃዊ ክፍያ ትርጉም የለውም።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ዋጋ ያለው ግን ቅጥር ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ነው፤ የቀድሞ አለቃዎ፣ የኤች አር ባለሙያ የሆነ ጎረቤት፣ በዕድሜ የሚበልጡዎት የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ወዳጅ። ጥያቄው «ሥራ ፈልጉልኝ» ከሆነ ሰውየው ይጨነቃል፤ ስልኩንም ማንሣት ያቆማል። በዚያ ፈንታ እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሥራ እንዲያስገቡኝ ልጠይቅዎ አይደለም። እናንተ ዘንድ የመጨረሻውን የሒሳብ ሠራተኛ ስትቀጥሩ ከሌሎቹ የለየው ምን እንደነበር ቢነግሩኝና የእኔን ሲቪ አንድ ጊዜ ቢያዩልኝ ብዬ ነው። ሩብ ሰዓት ይበቃኛል፤ በሚመችዎ ቀን ቢሮዎ ድረስ እመጣለሁ።» እንዲህ ያለ ጥያቄ እምብዛም እምቢ አይባልም።

በውጭ አገር ለሚኖሩ አንባቢዎች ነጻው በር ሰፋ ያለ ነው። በአሜሪካ «አሜሪካን ጆብ ሴንተር» የሚባሉት ማዕከላት በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣው የሠራተኛ ኃይል ሕግ መሠረት በመንግሥት ገንዘብ የሚንቀሳቀሱ ናቸው፤ የሥራ ፍለጋ ምክር፣ የሲቪ ዝግጅትና አንዳንዴም የሥልጠና ወጪ ድጋፍ ይሰጣሉ። ከውጭ ዲግሪ ይዘው ለመጡና የሥራ ፈቃድ ላላቸው ስደተኞች «አፕዋርድሊ ግሎባል» የተባለው ድርጅት ከሥራ ፈላጊው ሳያስከፍል ያሠለጥናል። በእንግሊዝ «ናሽናል ካሪየርስ ሰርቪስ»፣ በጀርመን የፌዴራል የሥራ ኤጀንሲው፣ በእስራኤል ደግሞ የቤተ እስራኤል ምሩቃንን ከአሠሪዎች ጋር የሚያገናኘው «ዖሊም ቤያሐድ» መኖራቸውን ሳያረጋግጡ ለግል አሠልጣኝ መክፈል አይገባም። በአሜሪካ ያለን ነርስ የያዘው የዲግሪው ግምገማና ኤንክሌክስ የተባለው የነርሶች የሙያ ፈቃድ ፈተና ከሆነ ደግሞ፣ እሱን የሚተካ ኮቺንግ የለም።

ደረጃ 3፦ ራስዎ የሚችሉትን ይሞክሩ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘልለዋል፤ ነገር ግን በኋላ ለመክፈል ቢወስኑ እንኳ የአሠልጣኙን ሰዓት በመሠረታዊ ነገር እንዳያባክኑ የሚያደርገው ይኸው ነው።

በመጀመሪያ የሲቪዎን መስመሮች አንድ በአንድ ይመልከቱ። «የሒሳብ ሰነዶችን የማዘጋጀት ሥራ ሠርቻለሁ» የሚለው መስመር በማንኛውም የሒሳብ ሠራተኛ ሲቪ ላይ ቢለጠፍ ይሄዳል፤ ስለ እርስዎ የሚናገረው የለም። ያው ሥራ «የሦስት ቅርንጫፎችን የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያ በየወሩ እስከ 5ኛው ቀን አጠናቅቄ ለዋና መሥሪያ ቤት አቀርብ ነበር» ተብሎ ሲጻፍ ግን አንባቢው የሥራውን ስፋት፣ ድግግሞሽና ኃላፊነት ያያል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው፦ ስንት? በየስንት ጊዜው? ለማን? በእውነት ያልሠሩትን ቁጥር እንዳይጨምሩ፤ የመጀመሪያው የቃለ መጠይቅ ጥያቄ እሱ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ዛሬ በክፍያ ከሚሠሩ ሲቪዎች ብዙዎቹ በቻትጂፒቲ የተሞሉ ናቸው፤ ያንን ራስዎ በነጻ ማድረግ ይችላሉ፤ ዋናው ጉዳይ ግን ማን ጻፈው ሳይሆን እያንዳንዱን መስመር ፊት ለፊት ተጠይቀው ማስረዳት መቻልዎ ነው።

ቀጥሎ ስልክዎን መጽሐፍ ላይ አስደግፈው የራስዎን የቃለ መጠይቅ መልስ በቪዲዮ ይቅረጹ። ለምሳሌ ይህን ጥያቄ ይውሰዱ፦ «ከሥራ ባልደረባዎ ጋር ያልተግባቡበትን አንድ አጋጣሚ ይንገሩን።» የተለመደው መልስ «እኛ መሥሪያ ቤት ያን ያህል ችግር የለም፤ በመግባባት ነው የምንሠራው» የሚል ነው። ጨዋነት ያለው መልስ ነው፤ ነጥብ ግን አያስገኝም፤ ጠያቂው መዝግቦ የሚይዘው ነገር አላገኘምና። ሌላው የተለመደ ድክመት ሁሉንም ነገር «ተሠርቷል»፣ «ተደርጓል»፣ «ሠርተናል» እያሉ መናገር ነው። ያደግንበት ትሕትና «እኔ» ማለትን እንደ ጉራ ያስቆጥረዋል፤ የፓነሉ አባላት ግን ሊቀጥሩ የመጡት ቡድንዎን ሳይሆን እርስዎን ነው። መልሱን በአራት ቁራጭ ያዋቅሩት፦ ሁኔታው ምን ነበር፣ የእኔ ድርሻ ምን ነበር፣ እኔ ምን አደረግሁ፣ ውጤቱ ምን ሆነ። «የመጋዘን ሠራተኛችን ዕቃ ያለ ሰነድ ያወጣ ነበር። ቆጠራው የእኔ ኃላፊነት ስለነበረ በመጀመሪያ ብቻውን አነጋገርሁት፤ ፎርሙ ረጅም ስለሆነበት መሆኑን ሲነግረኝ ከኃላፊዬ ጋር ተነጋግሬ በአንድ ገጽ አሳጠርሁት። በቀጣዩ ቆጠራ ልዩነት አልተገኘም።» ይህ ከአንድ ደቂቃ በታች ይፈጃል።

ቪዲዮውን መልሰው ሲያዩት ራስዎ ብዙ ነገር ይታዘባሉ። ካዩት በኋላም «ምን እንደጎደለ አይገባኝም» ካሉ፣ የሚከፈልበት ሰው የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ደርሰዋል ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ ሒሳቡን በእጅዎ በሚገባው ብር ያስሉ

ሻጮች ሁልጊዜ የሚነግሩዎት ስለ ጥቅል ደመወዝ ጭማሪ ነው፤ እርስዎ ማስላት ያለብዎት ግን ከተቆራረጠ በኋላ ኪስዎ የሚገባውን ነው። ደመወዝዎ 18,000 ብር ነው እንበል፤ አሠልጣኙም ወደ 24,000 እንደሚያደርስዎ ተስፋ ሰጠ። ጭማሪው 6,000 ብር ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ገቢ ላይ የሚቆረጠው ግብር 35 በመቶ ስለሆነ 2,100 ብር ለግብር ይሄዳል፤ የጡረታው 7 በመቶ ደግሞ 420 ብር ነው። የሚቀርዎት 3,480 ብር ነው። የኮቺንጉ ፓኬጅ ለምሳሌ 15,000 ብር ቢሆን፣ ጭማሪው ሙሉ በሙሉ በእሱ የመጣ ቢሆን እንኳ ገንዘብዎ የሚመለሰው ከአራት ወር በኋላ ነው። ያለ እሱም ሥራውን የማግኘት ዕድልዎ ግማሽ ያህል ነበር ብለው ከገመቱ ጊዜው እጥፍ ይሆናል። ለሁለት ሰዓት ልምምድ ብቻ 3,000 ብር ቢከፍሉ ግን በመጀመሪያው ወር ይመለሳል። ጥቅሉን ትተው ቁራጩን እንዲገዙ የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሥራ ለሌለው ሰው ስሌቱ ይለያል። 18,000 ብር የሚከፈልበት ቦታ ከግብርና ከጡረታ በኋላ 12,490 ብር ያስገባል፤ ስለዚህ ኮቺንጉ ፍለጋውን በአንድ ወር ቢያሳጥርልዎት ጥቅሙ ያን ያህል ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ከቁጠባ ወይም ከቤተሰብ ብድር ነው፤ ካልተሳካ የሚጎዳውም እሱ ነው። የማልደራደርበት አንድ ወሰን አለ፦ የቤት ኪራይ፣ የትራንስፖርትና የሰነድ ማስተካከያ ገንዘብ ሳይቀመጥ፣ ወይም ከዕቁብ ላይ ተበድሮ ለኮቺንግ መክፈል የለብዎትም።

የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው እዚያው ለማደግ ለሚፈልጉ ሰዎች ስሌቱ አጭር ነው፤ የደረጃ ዕድገት የሚታየው በትምህርት፣ በአገልግሎት ዘመንና በሥራ አፈጻጸም ውጤት ስለሆነ፣ ገንዘቡ ለትምህርት ቢውል ይሻላል።

ደረጃ 5፦ አሠልጣኙን ይመርምሩ

«ኮች» ለመባል ፈቃድ የሚሰጥ የመንግሥት አካል በአብዛኛው ዓለም የለም፤ ማንኛውም ሰው ዛሬ ተነሥቶ ስሙ ላይ ሊጽፈው ይችላል። ሊረጋገጡ ከሚችሉ ማስረጃዎች በጣም የታወቀው በ1995 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተመሠረተው የዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን፣ በምኅጻረ ቃል አይ.ሲ.ኤፍ. የሚሰጠው ነው። ሦስት እርከን አለው፦ ኤ.ሲ.ሲ. ቢያንስ 60 ሰዓት ሥልጠናና 100 ሰዓት የኮቺንግ ልምድ፣ ፒ.ሲ.ሲ. 125 ሰዓት ሥልጠናና 500 ሰዓት ልምድ፣ ኤም.ሲ.ሲ. 200 ሰዓት ሥልጠናና 2,500 ሰዓት ልምድ ይጠይቃሉ። የያዘው ሰው ስም በድርጅቱ ገጽ ላይ ተፈልጎ ይገኛል፤ «ሰርቲፋይድ» ብሎ ራሱን የሚጠራ ሰው እዚያ ከሌለ ከየት እንዳገኘው ይጠይቁት።

ያም ሆኖ ይህ ማስረጃ የሚለካው የመጠየቅና የማዳመጥ ችሎታን እንጂ የእርስዎን ዘርፍ ማወቁን አይደለም። የእርስዎ ችግር የአንድ ዘርፍ ቃለ መጠይቅ ከሆነ፣ ዐሥር ዓመት በባንክ ኤች አር የሠራች፣ ምንም የኮቺንግ ወረቀት የሌላት ሴት ከባለ ኤም.ሲ.ሲ. የበለጠ ልትጠቅምዎ ትችላለች። የአቅጣጫ ጥያቄ ያለበት፣ ወይም አዲስ ኃላፊነት ላይ የተሾመ ሰው ግን በጥያቄ የሚመራ የሠለጠነ ኮች ቢያገኝ ይሻለዋል።

ከመክፈልዎ በፊት ባለው አጭር ውይይት እነዚህን ይጠይቁ፦ እኔን በመሰለ ሁኔታ ላይ የነበረ ማንን ረድተዋል፣ ስሙን ሳይጠሩ ምን እንደሠራችሁ ቢያስረዱኝ? ከፈቀደልዎት አንድ የቀድሞ ደንበኛ በስልክ ሊያገናኙኝ ይችላሉ? ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላ በእጄ የሚቀረው ምንድን ነው? እርስዎ የማይረዱት ሰው ምን ዓይነት ነው? የመጨረሻው ጥያቄ በጣም ይለያል። «ሁሉንም ሰው እረዳለሁ» የሚል ሰው ዘንድ አይቆዩ፤ «ችግርዎ የሥራ ልምድ ደብዳቤው ነው፤ መጀመሪያ እሱን አስተካክለው ይምጡ፤ ያኔም ላያስፈልግዎ ይችላል» የሚል ካገኙ ግን ስልኩን ይያዙ።

ገንዘብ የሚቀበል ሰው ድርጅት ከሆነ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ይጠይቁና የንግድ ፈቃዱን በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢትሬድ ገጽ ላይ ይመልከቱ። ደረሰኝ የማይሰጥ፣ ክፍያውን በግለሰብ ስም በቴሌብር ብቻ የሚቀበልና «ዛሬ ካልከፈልክ ቦታው ይያዛል» የሚል ከሆነ እዚያው ይተዉት። ሥራ አስገባለሁ ብሎ ከእርስዎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ጨርሶ ሌላ ጉዳይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ መቀበል የለበትም፤ «ኮቺንግ» የሚለው ስም የደላላ ክፍያን ሕጋዊ አያደርገውም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችም በየትኛውም የቅጥር ሂደታቸው ገንዘብ እንደማይጠይቁ በማስታወቂያቸው ላይ ይጽፋሉ። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ደግሞ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሄድ ሠራተኛ የመግቢያ ቪዛና የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ወጪ የአሠሪው ነው። «የካናዳ ሥራ ኮቺንግ» በሚል ስም ቪዛ የሚሸጥ ሰው በዚህ መመሪያ የሚመዘን አሠልጣኝ አይደለም።

ደረጃ 6፦ ትንሽ ይግዙ፤ በጽሑፍ ይስማሙ

ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቀጠሮ ብቻ ይግዙ። የስድስት ወር ፓኬጅ በቅናሽ ቢቀርብልዎት፣ ሁለት ቀጠሮ ካየሁ በኋላ እወስናለሁ ይበሉ፤ ሥራውን የሚያምንበት ሰው ይህን አይቃወምም። ለዚያ አንድ ሰዓት ከደረጃ 1 ያገኙትን ዝርዝር፣ ሲቪውን፣ የአንድ እውነተኛ ማስታወቂያ ቅጂና የቀረጹትን ቪዲዮ ከሁለት ቀን በፊት ይላኩለት። ይህ ካልተላከ የመጀመሪያው ቀጠሮ «እስቲ ስለ ራስህ ንገረኝ» በሚል ያልቃል፤ ለእሱም ይከፍላሉ።

ስምምነቱ ረጅም ውል መሆን የለበትም፤ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም የተላከ መልእክት ይበቃል። የሚከተሉት ግን ይካተቱበት፦ የቀጠሮው ብዛትና ርዝመት፣ ዋጋው፣ ቀጠሮ ሲሰረዝ የሚሆነው፣ ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላ ቢያቋርጡ የቀረው ገንዘብ መመለሱ፣ የእርስዎን ሲቪና ቪዲዮ ያለ ፈቃድዎ ለማስታወቂያ አለመጠቀሙ። ዋናውን የትምህርት ማስረጃ፣ የሊንክዲን ወይም የኢሜይል ይለፍ ቃል፣ የፋይዳ ቁጥርዎን ለማንም አሠልጣኝ አይስጡ፤ ሥራውን ለመሥራት አንዱም አያስፈልገውም። «እኔ በእርስዎ ስም አመለክታለሁ» የሚል አገልግሎትም አይግዙ፤ ስልክ ተደውሎ የየትኛው ድርጅት መሆኑን ሳያውቁ ሲያመነቱ የሚታየው እርስዎ ነዎት።

ደረጃ 7፦ ከሁለት ቀጠሮ በኋላ ይመርምሩ

ከሁለተኛው ቀጠሮ ማግሥት ከመክፈልዎ በፊት ያልነበረዎት ምን እንዳለ ይጻፉ። የሚቆጠረው በእጅ የሚያዝ ነገር ነው፦ የተስተካከለ የሲቪ መስመር፣ አምስት የተለማመዷቸው የቃለ መጠይቅ ምሳሌዎች፣ የሚያነጋግሯቸው ሰዎች ዝርዝር፣ ወይም «ይህን ዘርፍ ተዉት» የሚል በምክንያት የተደገፈ ውሳኔ። «ተነቃቅቻለሁ» ብቻ ከሆነ የተጻፈው፣ መነቃቃቱ እስከ ቀጣዩ ማስታወቂያ ድረስ ላይቆይ ይችላል።

ከዚያ ለሚቀጥሉት ሦስት ማመልከቻዎች የደረጃ 1ን ሠንጠረዥ እንደገና ይሙሉ። ቀድሞ ለቃለ መጠይቅ አይጠሩ የነበሩት አሁን ከተጠሩ፣ ወይም ቃለ መጠይቅ ላይ ይቀሩ የነበሩት ወደ ተጠባባቂነት ከተጠጉ፣ ሥራው ባይገኝም እንኳ እርከኑ ተንቀሳቅሷል፤ አንድ ወይም ሁለት ቀጠሮ መጨመር ያስኬዳል። ሥራ ከያዙ በኋላ ደግሞ የሙከራው ጊዜ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከ60 የሥራ ቀን የማይበልጥ ስለሆነ፣ አንድ ቀጠሮ ካስቀሩ በዚያ ወቅት ከአዲሱ አለቃ ጋር እንዴት እንደሚግባቡ ለመመካከር ይጠቀሙበት፤ ከቅጥሩ በፊት ከሚደረጉት ብዙ ቀጠሮዎች ይልቅ ይኸኛው ይጠቅማል ባይ ነኝ።

እርከኑ ካልተንቀሳቀሰ ያቁሙ። በመተዋወቅ ወይም በይሉኝታ ምክንያት ክፍያ የሚቀጥሉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ በተለይ አሠልጣኙ በዕድሜ የሚበልጥ ወይም በዘመድ የተገኘ ከሆነ። መልእክቱ እንዲህ አጭር ሊሆን ይችላል፦ «እስካሁን ለሰጡኝ ጊዜ አመሰግናለሁ። ቀሪዎቹን ቀጠሮዎች አልቀጥልም፤ በስምምነታችን መሠረት የቀረውን ገንዘብ ቢመልሱልኝ። ሲቪዬንና የሠራናቸውን መልሶች በፒዲኤፍ ሳይሆን ሊስተካከል በሚችል የወርድ ፋይል ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል።» የወርድ ፋይሉን ሳይቀበሉ አይለያዩ፤ ብዙ ሰው ለሚቀጥለው ማስታወቂያ አንድ ቀን ለመቀየር ሲፈልግ እንደገና ለመክፈል የሚገደደው ያንን ባለመያዙ ነው።